ለስድስትም ለስምንትም

ባለፈው ማክሰኞ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የቅርጫው ግሩፕ ነው። «ፋሲካ ደርሷል፤ ዘንድሮ ስንት ነን? ቁርጡን አሳውቁን» ይላል መልእክቱ። አንዱ «እኔ አለሁ» አለ፤ ሌላው «ሚስቴን ጠይቄ ልመለስ» አለ፤ ሦስተኛው «ሜይቢ» ብሎ ላከና ጠፋ። ሳቄ መጣ። ሜይቢ ተብሎ የሚታረድ በሬ የለማ! ወዲያው ደግሞ አባቴ አንድ ፋሲካ ላይ ይህንኑ «ምናልባት» የሚሉትን ነገር በሥጋ እንዳካፍልለት የጠየቀኝ ቀን ትዝ አለኝ።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ስድስት ወይም ሰባት ይመስለኛል። ዲቪ ደርሶን ሲያትል ከገባን ጥቂት ዓመት ሆኖናል። እኔ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ነርሲንግ ለመግባት መጀመሪያ ማለፍ ያለብኝ የመሠረታዊ ሂሳብ ትምህርት ነበር፤ እዚያ ላይ ተቸንክሬ ቀረሁ። የሚገርመው የማባዣ ሰንጠረዡን አገር ቤት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ብትጠይቁኝ ዓይኔን አላሽም። አስተማሪዋ ግን የምትፈልገው ሌላ ነው። «የአራትን ብዜቶች ደርድሪ፤ የስድስትንም ደርድሪ። መጀመሪያ የሚገናኙት የት ላይ ነው?» ትለኛለች። እኔ ሁለቱን አባዝቼ ሃያ አራት እላለሁ። እሷም «እዚያም ይገናኛሉ፤ ግን ከዚያ በፊት ተገናኝተዋል» ብላ በቀይ ትከብልኛለች። ቁጥር ከቁጥር ጋር ተገናኝቶ ምን እንደሚፈይድ አልገባኝም። ቀደም ብሎ ተገናኘ፣ ዘግይቶ ተገናኘ፣ ለኔ ምኔ ነው?

አሁን ስለ አክስቴ ስለ አስካለ ልንገራችሁ። የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ከእኛ ቀድማ መጥታ፣ እኛ ስንመጣ ኤርፖርት ተቀብላ፣ ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቷ ወራት ያኖረችን እሷ ናት። መንጃ ፈቃድ ያስወጣችኝም፣ ኮሌጅ ያስመዘገበችኝም እሷ። እንደ ሁለተኛ እናት ነበር የማያት። እንዲህ የነበሩ ወንድምና እህት ያን ጊዜ ተኳርፈው ከዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።

ምክንያቱ የአያቴ መርዶ ነው። አያቴ ደብረ ብርሃን ስታርፍ ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለአባቴ ነው። አባቴ ደግሞ ወግ አጥባቂ ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገረው ባይ ነው። እዚህ አገር ሰው በሥራ ቀን አይሰበሰብምና ቅዳሜ ጠዋት ይሁን ብሎ ወሰነ። ለወዳጆቹ ነገረ፤ ሚስጥር ነው ብሎም አስጠነቀቀ። ሐሙስ ዕለት አክስቴ ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ፣ ከመኪና ማቆሚያው የሒሳብ መቀበያ ዳስ ውስጥ ተቀምጣ ስትሠራ፣ አንዲት የምታውቃት ሴት ከመኪናዋ መስኮት አንገቷን አውጥታ «አስካልዬ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለቻት። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ። አክስቴ እናቷን የተረዳችው እንደዚያ ነው።

«የእናቴን ሞት ለዊኬንድ ቀጠረው» ትል ነበር፣ ለሚሰማት ሁሉ። አባቴም በበኩሉ ወጉን አከበርኩ እንጂ ምን አጠፋሁ ብሎ ደረቀ። ከዚያ ወዲያ ቤቷን አልረገጥንም። እኔ ስደውልላት እንኳ መልሷ አጭር ነው፤ «ደህና ነኝ፣ ትምህርትሽን ጠንክሪ» ብላ ትዘጋዋለች። በጣም ትናፍቀኝ ነበር።

ቅርጫው ዱሮ የስምንት ቤተሰብ ነበር። አክስቴ ስትቀር ጎረቤቷ ወይዘሮ ዘነበችም «አስካለ በሌለችበት ምን እሠራለሁ» ብለው ቀሩና ከዚያ በፊት የነበረውን ፋሲካ በስድስት ተካፈልን። የየሰዉ ድርሻ ሰፋ፤ ማንንም ግን ደስ አላለውም።

የምላችሁ ቀን ቅዳም ሹር ነው። በየዓመቱ በሬ የሚሸጡልን ፈረንጅ ሽማግሌ እርሻቸው ኢነምክሎ የምትባል የገጠር ከተማ አካባቢ ነበርና አባቴና እኔ በጠዋት ወደዚያ ጉዞ ጀመርን። የምነዳው እኔ ነኝ። ዝናቡ የለመድነው የሲያትል ዝናብ ነው፤ ጃንጥላ አያስይዝም፣ ካፖርትም አያስወልቅ። ከከተማው ስንወጣ የረጠበ ሣርና የፍግ ሽታ በመስኮቱ ገባ። አባቴ ከዓርብ ጀምሮ አክፍሎ ስለነበር ፊቱ ገርጥቷል።

«ሰብለ» አለኝ በኋላ። «ትናንት ደምሴ የቅርጫውን ሰው ሲቆጥር ዘነበች ጋ ኮል አድርጎ ነበር። አንቺም አስካለም ኑ ብሏታል።»

«እና ምን አሉ?»

«እናያለን አሉ።»

አባቴ መስኮቱን ዘጋና ወደ እኔ ዞረ።

«ስሚኝማ። ሥጋውን ለስድስት ቆርጠን ብትመጣ፣ ከየሰዉ መደብ እየቆነጠርን ልንሰጣት ነው። አስካለ ደግሞ የተለቀመ አትቀበልም፤ ከቆመችበት ነው የምትመለሰው። ለስምንት ቆርጠን ብትቀር ደግሞ ስጠብቃት እንደነበርና እንደናቀችኝ ሰዉ ሁሉ ያያል። ሶ፣ ለስድስትም ለስምንትም የሚሆን አድርገሽ አስቢልኝ። ኮሌጅ የምትማሪው ለዚህ አይደል?»

እሺ አልኩ። እንዴት አድርጌ እምቢ እላለሁ? አባቴ እህቱን እንደሚፈልጋት ሲናገር ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም ዞሮ ዞሮ በሥጋ በኩል ነው የተናገረው።

ስንደርስ በሬው ታርዶ ተገፏል። ጎተራው ውስጥ ሰማያዊ ሸራ ተነጥፎ ጋሽ ደምሴ ቢላዋቸውን ያፋጫሉ። ጋሽ ደምሴ በሥራቸው የሊሞ ሾፌር ናቸው፤ በዓመት በዓል ግን ብልት የሚያወጡልን እሳቸው ነበሩ። ጠጋ ብዬ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ «ጋሽ ደምሴ፣ እያንዳንዱን ብልት አርባ ስምንት ቦታ ይቁረጡት» አልኳቸው። ስድስት ሲባዛ በስምንት፤ ዓይኔን አላሸሁም።

ቢላዋውን አወረዱ። «አርባ ስምንት? ሻኛውን አርባ ስምንት ቦታ? ልጄ፣ ሥጋ ነው የምንካፈለው ቆሎ?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። «ለጥሬ የሚሆን አትርፊልን እንጂ፣ ሁለት ወር ሙሉ እኮ ነው የጾምነው!» አለ አንዱ። አባቴ አልሳቀም። ዓይን ዓይኔን አየኝና ዞር አለ።

አፍሬ ወደ መኪናው ሄድኩና በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ከትንፋሼ የተነሳ መስታወቱ ጉም ለበሰ። በጣቴ ከላይ ስድስት ብዬ ጻፍኩ፤ ቀጥዬ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ አራት። ከሥሩ ስምንት፣ አሥራ ስድስት፣ ሃያ አራት። ጣቴ እዚያው ቆመ። ስድስት በራሱ እርምጃ ይሄዳል፤ ስምንት በራሱ እርምጃ ይሄዳል፤ አንዱ አንዱን ሳይጠብቅ ሃያ አራት ላይ ይደርሳሉ። ብቀጥል አርባ ስምንት ላይ ደግመው ይገናኛሉ፣ ሰባ ሁለት ላይም፤ ማለቂያ የለውም። እኔ ሳባዛ የማገኘው ሁለተኛውን መገናኛ ነበር፤ የመጀመሪያውን እዘለዋለሁ። አስተማሪዋ ስትከብልኝ የኖረችው ይህንን ነው! ሃያ አራት ቁራጭ ለስድስት ሲካፈል አራት አራት፣ ለስምንት ሲካፈል ሦስት ሦስት፤ ቁራጩም ለጥሬ ይበቃል። ከመኪናው ስወጣ ጭቃው አዳልጦኝ በጉልበቴ ተንበረከክሁ፤ ግን ምንም አልመሰለኝ።

«ሃያ አራት!» አልኩ። ጋሽ ደምሴ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ አባቴን ተመለከቱት። አባቴ በደመና የተሸፈነውን ተራራ የሚያይ መስሎ ጀርባውን ሰጥቷቸዋል።

«ገባኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ኦኬ፣ ሃያ አራት ይሁን።»

ሽንጡን፣ ጎድኑን፣ ፍሪምባውን፣ ጉበቱን፣ አንድ በአንድ ሃያ አራት ቦታ ቆርጠው በየረድፉ ሸራው ላይ ደረደሩት። አለቀ። «እንመድበው እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሴቶቹ ቤት ሥጋ እየጠበቁ ነው። «ትንሽ ቆዩ» አለ አባቴ። እንደገና ጠየቁት። «ትንሽ» አለ።

በመጨረሻ አንዲት መኪና ጭቃውን እየረጨች መጣች። ወይዘሮ ዘነበች ወረዱ። አባቴ የሌላኛው በር እስኪከፈት ጠበቀ። አልተከፈተም።

«ብቻሽን ነሽ ዘነበች?»

«ብቻዬን ነኝ ጋሽ መኮንን። ለመንኳት። ‹አንቺ ሂጂ› አለችኝ።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰባት ሆንን እኮ!» አሉኝ። ሰባትን ማን አስቦት? ሰባት፣ አሥራ አራት፣ ሃያ አንድ፣ ከዚያ ሃያ ስምንት፤ ሃያ አራትን ሳይነካው አልፎ ይሄዳል። ሦስት ሦስት ቢደርሳቸው ከያንዳንዱ ብልት ሦስት ቁራጭ ይተርፋል። ወይዘሮ ዘነበች ነገሩ ገባቸውና ነጠላቸውን አጣፉ። «እኔ ካስቸገርኳችሁ ልመለስ፣ ቤት ዶሮ አለኝ» አሉ። ሌላው «የተረፈውን ለሰባት እንክተፈው» አለ። ሂሳቤ ለእኚህ ምስኪን ሴት ውርደት ሆኖ ሊያርፍ ነው ብዬ መግቢያ ጠፋኝ።

«አትንኩት» አለ አባቴ። «ሦስት ሦስት አድርጋችሁ መድቡ። የተረፈውን ወደ ዳር አድርጉት።»

መደቡት። ከሽንጡ የተረፈው ሦስት ዳር ላይ ተቀመጠ፤ ከጎድኑ ሦስት ተጨመረበት፤ ከጉበቱም። ሲያልቅ ዳር ላይ ያለው ክምር ከሌሎቹ አንዱን ያክላል። አያንስም፣ አይበልጥም። ለካ ትርፍ አልነበረም። ሃያ አራትን ለስምንትም ብለን ቆርጠነው የለ? ስምንተኛው ድርሻ ነው፤ ባለቤቱ ብቻ ነው ያልመጣው።

ዕጣ የምንጥለው በመኪና ቁልፍ ነበር። ቁልፎቹ በአባቴ ባርኔጣ ተሰበሰቡና ለባለ እርሻው ሽማግሌ ተሰጡ፤ የትኛው ቁልፍ የማን እንደሆነ የማያውቁት እሳቸው ናቸው፣ ጨዋታውንም ይወዱት ነበር። በየመደቡ አንድ አንድ ቁልፍ እያኖሩ ሄደው ዳሩ ላይ ደረሱ። ባርኔጣው ባዶ ነው። ሽማግሌው ክምሩን አዩ፣ እኛን አዩ። «ይሄስ የማን ነው?» አሉ በእንግሊዝኛቸው።

አባቴ ባርኔጣውን ከእጃቸው ተቀበለና ክምሩ ላይ አኖረው። «ማይ ሲስተር» አላቸው።

ወይዘሮ ዘነበች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያዙ። እኔማ እንባዬ ወርዶ ነበር።

ስካይዌይ እስክንደርስ አባቴ ሥጋውን በሳፋ ጭኑ ላይ ይዞ ተቀመጠ፤ ከኋላ እናድርገው ብለው አልሰማኝም። አክስቴ በሩን ከፈተች። ግቡም አላለችን።

«ስንት ሆናችሁ ተካፈላችሁ?» አለችው።

«ስምንት።»

«ዘነበች ደውላልኛለች። ሰባት ነን ብላኛለች።»

«ዘነበች የቆጠረችው የመጣውን ነው» አለ አባቴ። «አስኩ፣ ያን ዕለት ሮጬ መምጣት ነበረብኝ። ሰው ይሰብሰብ ያልኩት ወጉን ብዬ አይደለም። እማዬ ሞተች ብዬ ብቻዬን ልነግርሽ ፈርቼ ነው።»

አክስቴ ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነው። ሳፋውን ከአባቴ እጅ ተቀበልኩት። ወንድምና እህት በር ላይ ተቃቅፈው ለእናታቸው አለቀሱ።

ይህ ሁሉ ካለፈ ብዙ ጊዜ ሆነ። ሂሳቡን አለፍኩ፣ ነርስ ሆንኩ፤ ጋሽ ደምሴም አባቴም አርፈዋል። አክስቴ አሁን ታኮማ ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷ እንጂ አንደበቷ አልደከመም። ባለፈው እሁድ ልጠይቃት ሄጄ ስለዚያ ቀን ስናወራ፣ አንድ ጊዜም ነግራኝ የማታውቀውን ነገር እንደ ዋዛ ጣል አደረገችው።

«እኔ እኮ ያን ቀን ጠዋት ፍሪዘሬን ባዶ አድርጌ አጥቤው ነበር» አለችኝ። «ዓሣውን፣ አትክልቱን፣ ሁሉንም ለጎረቤት ሰጥቼ።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም እትዬ?»

«ከመጣሁማ ይቅር ያልኩት ሳልጠየቅ ነው። እንዲመጣ ነበር የፈለግሁት። ባይመጣ ኖሮ ያንን ባዶ ፍሪዘር ምን እንደማደርገው እንጃ።»

አባቴ ይህን ሳይሰማ ማለፉ ቆጨኝ። ያን ቀን ሁሉ ደጅ ደጁን እያየ ሲጨነቅ፣ እሷ በበኩሏ የድርሻዋን ቦታ አጽድታ ቤቷ ቁጭ ብላለች። ሁለቱም ያሰቡት ለስምንት ነበር።