ዝናብ የነካው ቡና ድረ ገጽ ላይ የወጣ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሚሊኒየሙ ካለፈ በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ውስጥ ነው። ብዙ ነገር እየረሳሁ ይህን ግን አልረሳሁትም። ያን ዕለት የፈራሁት ለራሴ ሳይሆን ለሌላ ሰው ልፋት ስለነበር ይመስለኛል።

ያኔ ጅማ ውስጥ የአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። አባቴ ከመንዝ መጥቶ ጅማ የቀረ ሰው ነው፤ እኔም ቦሳ አዲስ የሚባል ሰፈር ተወልጄ እዚያው ሸመገልኩ። የማውቀው ሥራ አንድ ነው። ከሰቃ ወረዳ የሚመጣውን ቡና መዝኜ እቀበላለሁ፣ ካርዱ ላይ እመዘግባለሁ፣ አስፈርሜ አስወጣለሁ።

በዚያ ዓመት ማኅበሩ ቡናውን ለውጭ ገዢዎች የሚያሳይበት ድረ ገጽ ይኑረው ተባለ። ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት እዚያው ሆኖ ሁሉንም ነገር ሊጽፍልን ነው። ሁለተኛውን ያመጣችው ሰናይት የምትባል የኮሌጅ የኮምፒውተር መምህርት ናት። የሷ ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው፤ የተሠራበትም ኮድ ክፍት ስለሆነ የሚችል ሰው ገብቶ ያስተካክለዋል። ኮምፒውተር ያልተማረ ሰው እንኳ ባዶ ቦታዎቹን እየሞላ ገጹን ራሱ ሊያዘጋጅ ይችላል አለችን። ሁለት ወር ሙሉ ከማስተማር በተረፋት ሰዓት እየመጣች፣ በአማርኛም በኦሮምኛም እንዲሠራ አድርጋ ስታበጃጀው አይቻለሁ።

ሥራ አስኪያጃችን ኦቦ ጀማል ግን በነፃ የተገኘ ነገር አያምኑም። ባለቤት የሌለው ነገር ሲበላሽ ማን ጋ ይኬዳል ይላሉ። በመጨረሻ አንድ ፈተና አወጡ። ጋሼ ወልዴ፣ ማለትም እኔ፣ ማንም ሳይረዳኝ የአንድ ሎት ቡና መረጃ ካወጣሁበት ይቀበሉታል፤ ካልሆነ ሥራው ለአዲስ አበባዎቹ ይሰጣል። ሎት የምንለው አንድ ላይ ተመዝኖ አንድ ቁጥር የተሰጠውን ቡና ነው።

እኔን የመረጡኝ ከቢሮው ሰው ሁሉ ትንሽ የተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። አልተቀየምኩም፣ እውነት ነው። ግን የልጅቷ የሁለት ወር ድካም በእኔ ጣት ላይ መንጠልጠሉ አስጨነቀኝ።

አራት ቀን አስተማረችኝ። ፊደል ፍለጋው አድካሚ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ወይዘሮ ጽጌ በአጠገቤ ባለፈች ቁጥር ትቀልድብኛለች።

"ጋሼ፣ እርስዎ 'ጅማ' ብለው ጽፈው እስኪጨርሱ እኛ አጋሮ ደርሰን እንመለሳለን።"

"በእግር ነው በመኪና?" ብያት ተሳሳቅን።

በሦስተኛው ቀን ስጽፍ መብራት ጠፋ። ሲመጣ የጻፍኩት እንዳለ ቆየኝ። መምህርቷ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ምልክት አደረገች። ለካስ እሷም የምትፈትናቸውን ነገሮች በዝርዝር ይዛ ኖሯል። የምትፈትነው ፕሮግራሙን እንጂ እኔን እንዳልሆነ ደጋግማ ነግራኛለች። እኔ ግን የምፈተነው እኔው ይመስለኝ ነበር።

በፈተናው ዕለት ከምሳ በኋላ ኦቦ ጀማል፣ ወይዘሮ ጽጌና መምህርቷ ባሉበት ተቀመጥኩ። የመጋዘን ካርዴን ከጎኔ አድርጌ አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ቡናው የተለቀመበትን ቀበሌ፣ ወሩን፣ የጆንያውን ቁጥር። የኢንተርኔት መስመሩ ዘገምተኛ ስለነበር አንዱን ሞልቼ ሌላው እስኪመጣ እጠብቃለሁ። መጨረሻ ላይ ስለ ቡናው ተጨማሪ ነገር የሚጻፍበት ሳጥን መጣ። በእኛ ካርድም መጨረሻ ላይ እንዲሁ ቦታ አለ፤ እዚያ የሚጻፈው የንብረቱ ጉድለት ነው። ሃያ ዓመት የለመድኩት ይህንን ነው። እጄም የለመደውን ጻፈ።

"ሦስት ጆንያ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቅ ዝናብ ነክቶታል። ሸራ ዘግይቼ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ወልዴ፣ መጋዘን።"

ከዚያም ገጹን ለዓለም የሚያወጣውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ወይዘሮ ጽጌ ማጨብጨብ ጀምራ መሃል ላይ አቆመች። ኦቦ ጀማል በሌላው ኮምፒውተር ከፍተው እያነበቡ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

"ማሎ ጋሼ" አሉ እንደ መማጸን ቀስ ብለው፣ "ይህን እኮ ገዢ ያነበዋል።"

ያን ጊዜ ነው የሠራሁት የገባኝ። የልጅቷን ልፋት በገዛ እጄ ገደል ከተትኩት። ቶሎ ብዬ "ልጄ፣ አጥፊልኝ" አልኳት። አጠፋችው።

ኦቦ ጀማል ፈጽሞ ጠፍቶ እንደሆነ ጠየቁ። አዎ ብትል ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። እሷ ግን አልዋሸችም። ገጹን ለሚያነብ ሰው ጠፍቷል፣ ውስጡ ግን እያንዳንዱ ለውጥ ይቀመጣል ብላ ዝርዝሩን ከፈተችላቸው። ማን እንደጻፈ፣ ማን እንዳጠፋ፣ በስንት ሰዓት፣ የተጻፈው ራሱም ሳይቀር አለ።

ኦቦ ጀማል ራሳቸውን ነቀነቁ። አዲስ አበባዎቹ አጥፉ የተባሉትን ምልክቱ ሳይቀር እንደሚያጠፉ ነግረዋቸው ኖሯል። መምህርቷ ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች።

የእኔ ዓይን ግን ዝርዝሩ ላይ ቀርቷል። ስሜ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ የጻፍኩት አለ፣ ማጥፋታችንም አለ። ይህማ የእኔው መዝገብ ነው። መጋዘን ቤት ደልዞ ማጥፋት ክልክል ነው። የተሳሳተው በላጲስ አይፋቅም፤ የታችኛው እንዲነበብ በአንድ መስመር ተሰርዞ አጠገቡ ይፈረማል።

"ኦቦ ጀማል" አልኩ። "እኔ መዝገቤን በላጲስ ብነካው በማግስቱ ያባርሩኛል። ታዲያ ለዚህኛው ላጲስ ለምን ፈለጉ?"

ወንበራቸውን ወደ ዝርዝሩ አስጠጉ። ከዚያ ሦስቱ ጆንያ የት እንዳሉ ጠየቁኝ። ለብቻ ለይቼ ምልክት እንዳደረግኩባቸው፣ ከሎቱ ጋርም እንደማይወጡ ነገርኳቸው።

"እና እሱን ለምን አልጻፉትም?"

"ካርዱ ላይ ለዚያ የሚሆን ቦታ የለም።"

"እዚህ ቦታ ሞልቷል፣ ይጻፉ።"

መምህርቷ የጠፋውን አንዴ ነክታ መለሰችው። እኔም ሦስቱ ጆንያ ተለይተው መቀመጣቸውን ከሥሩ ጨመርኩ። ኦቦ ጀማል ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ወላሂ፣ ይህን የጻፈ ሰው ቡና አይቀላቅልም" አሉና ወደ መምህርቷ ዞሩ። "በዚሁ እንቀጥላለን።"

አሁን ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። መምህርቷም ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራለች። ይህን ስነግራቸው ሰዎች የሚስቁት ዝናብ የነካ ቡናችንን ለዓለም ማስነበቤ ላይ ነው። እኔ በሱ አላፍርም። የማፍረው ሃያ ዓመት አንድ ቃል ከመዝገብ ፍቄ የማላውቀው ሰውዬ፣ አለቃዬ ቀና ብለው ስላዩኝ ብቻ "አጥፊልኝ" ለማለት መቸኮሌ ነው። እሷ የሁለት ወር ሥራዋ ሊቀርባት እያለ ጠፍቷል ብላ አልዋሸችም። ያን ዕለት ከሁለታችን የመጋዘን ሰው የነበረችው እሷ ናት።