የጠዋቱ መልስ

ይህን ለባለቤቴም ሆነ ለንስሐ አባቴ ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ የምናገረው ደፍሬ አይደለም፤ ዝም ማለቱ ስላንገፈገፈኝ ነው።

ሐረር የሥነ ልቦና ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ጥናቴ የፈላና በር አካባቢ አረጋውያንን ብቸኝነት መለካት ነበር። ቀበሌው የአረጋውያን መዋያ ቤት ይከፈት አይከፈት የሚለውን የእኔን ውጤት አይቶ ሊወስን ነው። አማካሪዬም አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ጠይቀህ መልሱ ከተራራቀ መለኪያህ አስተማማኝ አይደለም ብሎ አስጠንቅቆኛል።

ከአረጋውያኑ አንዱን፣ ሐጂ ዑመርን፣ መጀመሪያ የጠየቅኳቸው በጠዋት ነው። ያ ጠባብ መንገድ፣ ያ ኖራ የተቀባ ግንብ፣ መደቡ ላይ ጥግ ይዘው የሚቀመጡት ሽማግሌ፣ ሁሉም እንዴት ይናፍቀኛል!

«ወላሂ ልጄ፣ እስከ ቀትር የሚያናግረኝ ሰው የለም። ለምን ነቃሁ እላለሁ» አሉኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከሰዓት በኋላ፣ በርጫ ላይ ሆነ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጫት ይቅማል፣ ሳቁ ቤቱን ሞልቶታል። ሐጂ መርቅነዋል፤ ትራስ እየገፉልኝ «አልሐምዱሊላህ! እኔ ምን ጎደለኝ?» አሉ። የሌሎቹም መልስ እንደዚሁ ተገለባበጠ።

መልሱን ያራራቀው ሰዓቱ ነበር። ገብቶኛል። ያንኑ መጻፍ ሲገባኝ፣ እኔ ግን ለመመረቅ ቸኩዬ የጠዋቱን መልስ ሁሉ ቀድጄ ጣልኩ። አዎ፣ እኔ ቀደድኩት። ከዚያ ሌላ ቀን እንደገና በርጫ ላይ ሄጄ ጠየቅኩ። ሁለቱ መልሶች ልክ ገጠሙልኝ።

የዚያን ቀን ስወጣ ሐጂ እስከ በራፍ ሸኙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያን ጠዋት የነገርኩህንስ ጽፈኸዋል?» አሉኝ።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ጽፌዋለሁ፣ ሐጂ» አልኳቸው።

«ጎሽ። ሰው ፊት አይባልማ» ብለው ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።

አረጋውያኑ ብቸኝነት የለባቸውም ተባለና መዋያ ቤቱ ቀረ። እኔ ተመሰገንኩ። ሐጂ ግን መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «የቀበሌው ሰዎች ምን አሉ፣ ልጄ?» ይሉኛል። እኔም «እያዩት ነው» እላቸዋለሁ። እስኪሞቱ ድረስ ይህንኑ ስላቸው ኖርኩ።

ልጅ ነበርኩ ልበል? ልጅ ቢዋሽ እንኳ አንዴ ነው፤ እኔ ስንት ዓመት ዋሸሁ? ይቅርታ ብጠይቅ የሚሰሙኝ እሳቸው የሉም፤ ከሌላ ሰው አፍም ይቅርታውን አልፈልገውም። ሐጂ እስኪሞቱ የጠበቁት መልስ ከቀበሌው የሚመጣ መስሏቸው ነበር፤ መልሱን የያዝኩት ግን እኔ ነበርኩ።