የይማም ማርሚታ

ትናንት የጎረቤቴ ልጅ የሞተር ብስክሌቱን ማርሚታ አውልቆ በጩኸቱ ሰፈሩን ሲያውክ ዋለ። ሰው ሁሉ ተቆጣ። እኔ ግን የያዝኩትን የወተት ብርጭቆ አስቀምጬ ጓዳ ገባሁ፤ ጥግ ያለውን የዛገ ቆርቆሮ ነካ አድርጌ ወጣሁ።

በጃንሆይ ዘመን፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ከሚሴ ላይ መኪና እጠግን ነበር። ጓደኛዬ ይማም ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሳ ጣሊያን የገዛት ባለሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ነበረችው፤ ቀይ፣ ያረጀች፣ ጣሪያዋ ሸራ። ድምፅዋ ለስላሳ ነው። እናቱ እትየ ዘሃራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷልና መምጣት መሄዱን የሚያውቁት በዚያ ድምፅ ነበር። ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ሲነሳ በር ላይ ቆመው እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ድምፁ ከጨፋ ሜዳ ማሽላ ወዲያ እስኪጠፋ ዱአቸውን አያቋርጡም። ሲመለስም ከድልድዩ ጀምሮ ይሰሙትና በሩን ይከፍታሉ።

ይማም ግን ለስፖርት መኪና ይህ ድምፅ አይመጥናትም አለ። እኔስ መች መከርኩት። ማርሚታ ማለት ጭሱ በተበሳሱ ቆርቆሮዎች መሃል እየተንገላታ ድምፁ የሚበርድበት ሆድ ነው። እሱን ቆርጬ ቀጥ ያለ ቧንቧ በየድኩላት። ቀጭኑን ስንሞክር እንደ ፍየል ጮኸች፤ ሰፊውን ስናደርግላት ድምፁ ወፍሮ ደረት ውስጥ ገባ፣ ይማም እግሩን ከነዳጁ ለቀቅ ሲያደርግ ደግሞ እንደ ጠመንጃ ትተኩሳለች። በሥራዬ ኮራሁ። የወጣውን ማርሚታ ጋራዡ ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀልኩት።

በማግስቱ እትየ ዘሃራ አስጠሩኝ።

«ሰይድ፣ ከቤቴ መኪና አስነስቶ የሚወጣው ማነው?»

«ይማም ነው እትየ።»

«ኢልማ ኮ ሚቲ» አሉ በኦሮምኛ፤ ልጄ አይደለም ማለታቸው ነው። «ቤት ሲያወራኝ አውቀዋለሁ። መንገድ የሚወጣው ግን ሌላ ነው። ዱአ ላደርግለት ብል እጄ አልነሳ አለኝ። የልጄን ድምፅ መልስልኝ።»

«ኢንሻአላህ፣ ከሰኞ በኋላ» አልኳቸው። ይማም አንድ ጊዜ ባቲ ላይ ሳይታይባት እንዳልነካት ለምኖኝ ነበር።

ሰኞ ጧት እያስጓራ ወጣ። እትየ በር ላይ ቆመዋል፤ እጃቸው ግን ከኩታቸው ሥር አልወጣም።

ከከሰዓቱ የአሱር ሶላት በኋላ የተጠበሰ የማሽላ እሸት ይዤላቸው ሄድኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ነፋስ የለም። ከድልድዩ በኩል መኪና መጣ፤ በዚያ በለስላሳው፣ በድሮው ድምፅ።

«መለስክለት» አሉ እትየ፤ ፊታቸው በራ።

ድምፁ ቀርቦ ቀርቦ ደጃፉ ላይ ቆመ። ወጣሁ። መንገዱ ባዶ ነው፤ አቧራ እንኳ አልተነሳም። ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። ማርሚታው ከሚስማሩ አልወረደም፤ ስነካው ግን እጄን አቃጠለኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የጭነት መኪና ሾፌሮች ወሬውን ይዘው ደረሱ። ይማም ከባቲ ሲመለስ መኪናዋ ገደል ገብታ ሞቷል። በስንት ሰዓት ብዬ ጠየቅኩ። አሱር ላይ ነው አሉኝ።

እትየ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ሰኞ በአሱር በሩን ይከፍቱና «ሰይድ፣ ሰማኸው?» ይሉኛል። እሰማው ነበር፤ ጥርት አድርጌ። «አልሰማሁም እትየ» እላቸዋለሁ። ሰማሁ ብል፣ ለምን ሳይሄድ ድምፁን አልመለስክለትም እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። እስከ ዕለተ ሞታቸው ዋሸኋቸው፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ትናንት ሰኞ ነበር። ጓዳ ያለውን ቆርቆሮ፣ ከጋራዡ ያመጣሁትን የይማምን ማርሚታ፣ ሞቆ አገኘሁት። የጎረቤቴ ልጅ ሞተር ዝም እስኪል ጠብቄ በሩን ከፈትኩና እንደ እትየ ለዱአ እጄን ዘረጋሁ።