ውኃ ያስጠጣሁት ታንኳ

ይህን ከንስሐ አባቴ እንኳ ደብቄ ነው የኖርኩት። ዛሬ እናገራለሁ፤ አይዞህ እንድትሉኝ ግን አይደለም።

እኔ ክረምት የጓንግ ወንዝ ሲሞላ በበርሜል ጀልባ ሰው የማሻግር የመተማ ሰው ነኝ። በየዓመቱ በመስቀል ማግስት ወንዙ ላይ የቀዘፋ ውድድር እናደርጋለን። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔው፣ ደንብ አውጪው እኔው፣ ገንዘብ ያዡም እኔው! ምን ዓይነት ዳኝነት ነው ይሄ? ማንም አልጠየቀኝም።

በአራተኛው ዓመት አዱኛ የሚባል ሳሉግ መጣ። ሳሉግ የምንለው ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ያደገው ጣና ዳር ነው። ከወንዙ ዳር ፊላ አጭዶ፣ አድርቆ፣ ታንኳ አሰረ። ሲሞክራት ቆሜ አየሁት። የኔ በርሜል ግማሽ ሳይደርስ እሱ ተሻግሮ ተመለሰ። ቅናት አንገበገበኝ።

ወዲያው የመመዝገቢያውን ክፍያ ሦስት እጥፍ አደረግሁት። ሳሉግ ከየት ያመጣል ብዬ ነዋ! አመጣ። አገሩ መግቢያ ብሎ የቋጠረው መሳፈሪያው ነበር። ሚስቱ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ለክርስትናው ስድስት ቀን ቀርቶታል።

«አሸንፌ፣ የሽልማቱን ሙክት ሸጬ እሳፈራለሁ፣ ጋሼ» አለኝ እየሳቀ። ብሩን እያወቅሁ ተቀበልኩት። እያወቅሁ!

ይሄም አልበቃኝ። ጀልባ ሁሉ ለምርመራ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ ላይ ታስሮ ይደር የሚል ደንብ አወጣሁ። በርሜል ውኃ ላይ ቢያድር ምን ይሆናል? ፊላ ግን ውኃ ይጠጣል፤ ቀዝፈው ሲጨርሱ አውጥተው ካላደረቁት ይከብዳል። ይህን የነገረኝ ራሱ አዱኛ ነው። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ውኃ ላይ ካደረች አለቀላት» ብሎ ለመነኝ። ደንብ ደንብ ነው አልኩት። ይሄን አፌን ይቁረጠው!

በማግስቱ እኔ ወዲያ ማዶ ስደርስ እሱ ወንዙ መሃል እስከ ወገቡ ሰጥሞ ይቀዝፋል። ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አዎ፣ እኔ ሳቅሁ።

ልብሱ ሳይደርቅ መጥቶ «እንኳን ደስ አለዎ» አለኝ። ቀጥሎ «ጎንደር ድረስ በእግር ስንት ቀን ይፈጃል?» ብሎ ጠየቀኝ። የከፈለው ብር ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን ብሰድ ይወጣል። ምን ያዘኝ? ማን ያዘኝ?

«ስድስት ቀን» አልኩት። የቀረችው አምስት ቀን ናት፤ አገሩ ደግሞ ከጎንደርም ያልፋል። ዱላውን አንስቶ መንገድ ጀመረ።

ድህነት ነው፣ ሰይጣን ነው አልልም። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ይቅር የሚለኝ አዱኛ ነው። እሱን ደግሞ እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ፈልጌው አላውቅም።