የጠፋው ማሰሮ፣ ክፍል አምስት

ሰሞኑን ያልታደሰ ነገር የለም። የድሮ ዘፈን በአዲስ ድምፅ ይወጣል፤ ያለቀ ድራማ “ተመልካች ስለጠየቀ” ተብሎ ምዕራፍ ይጨመርለታል፤ ማንም ያልጠየቀው ፊልም ሁለተኛ ክፍል ይሠራለታል። እኛ ቡታጅራ ውስጥ ስንት ዓመት የለመንነው አንድ ክፍል ግን ሰሚ አጥቶ ቀረ። ይህን ሳነሳ ደሜ ይፈላል። ባለቤቴ “ኧረ ፊልም ነው፣ ተይው” ይለኛል። ፊልም ብቻ ቢሆን መች አፌን እከፍት ነበር!

ድራማው “የጠፋው ማሰሮ” ይባላል። በቪሲዲ ዘመን የኛው አካባቢ ሰዎች በራሳቸው ካሜራ የሠሩት አስቂኝ ድራማ ነው። በየዓመቱ አንድ ክፍል ይወጣል፤ የሚወጣውም መስቀል ሲቃረብ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ቤቱን ሲሞላው ነበር። ክትፎው ተበልቶ ሲያበቃ ሶፋ ያገኘ ሶፋ ላይ፣ ያላገኘ ምንጣፍ ላይ ተደርድረን እናያለን። የሚያስቀን ደግሞ የራሳችን አነጋገር፣ የራሳችን ንትርክ ስለነበረ ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። የአንድ ሰፈር ሴቶች የቅቤ ዕቁብ አላቸው። ለማያውቅ ልንገር፤ በኛ አገር ሴቶች ገንዘብ ብቻ አይደለም ዕቁብ የሚጥሉት። በየሳምንቱ እያንዳንዷ አንድ ልክ ቅቤ ታዋጣለች፤ ተራ የደረሳት ሁሉንም ተረክባ፣ አንጥራ ለመስቀል ታስቀምጣለች። ድራማው ውስጥ ታዲያ የዕቁቡ ቅቤ የተጠራቀመበት ማሰሮ ይጠፋል። አማት ምራቷን፣ ምራት ጎረቤቷን ስትጠረጥር አራት ክፍል ያልቃል። በአራተኛው መጨረሻ ሴቶቹ ተሰብስበው የዕቁቡን ሰብሳቢ በር ያንኳኳሉ። በሩ ይከፈታል፤ ሰብሳቢዋ ሴቶቹን ትክ ብላ ታያቸዋለች፤ “ይቀጥላል” የሚል ጽሑፍ ይመጣል።

አልቀጠለም። የቪሲዲ ገበያ ሞተ፣ ሰዉ ሁሉ ስልኩ ላይ አቀረቀረ፣ ሠሪዎቹም ተበታተኑ።

ሰብሳቢዋን ሆና የምትጫወተው አክስቴ ናት። የእናቴ ታናሽ ስትሆን ገበያ ውስጥ በርበሬ ትነግዳለች። በዕድሜዋ ሙሉ በሚዛን ያጭበረበረችው ሰው የለም። ከአራተኛው ክፍል በኋላ ግን ገበያተኛው “እትዬ፣ ማሰሮዋን መልሺ እንጂ!” እያለ ይቀልድባት ጀመር። መጀመሪያ አብራ ትስቅ ነበር። ክፍል አምስት ሲቀር ቀልዱ እየጠነከረ መጣ። ደንበኞቿ ሚዛኑን ጎንበስ ብለው ማየት ጀመሩ። ልጆች እንኳ ባለማሰሮዋ ይሏታል።

ከሁሉ የከፋው የሰፈራችን የቅቤ ዕቁብ ነው፤ የእውነቱ። እኔ በእናቴ ቦታ ገብቼበታለሁ። አዲስ ዙር ሲጀመር አክስቴ ልግባ አለች። “ሞልቷል” ተባለች። በሚቀጥለውም ዙር “ሞልቷል” ተባለች፤ ከእሷ በኋላ የመጣች አዲስ ጎረቤት ግን ገባች። ሰብሳቢያችንን ለብቻዋ ይዤ ጠየቅኋት።

“አክስቴ ምን አጠፋች?”

“ምንም አላጠፋችም፤ እግዜር ይየኝ። ግን ቅቤው እሷ ቤት ሲቀመጥ ሴቱ ልቡ አያርፍም። እኔስ ምን ላርግ?”

“ድራማ እኮ ነው!”

“እሱማ ድራማ ነው” አለችኝ።

እንዲህ ነን እኛ። ቅቤው ቀላል ነው፤ አክስቴ እንሴኖ ገበያ ወርዳ ከማንኛችንም የተሻለ ገዝታ ትመጣለች። ግን በኛ ሰፈር ከዕቁቡ ውጪ የሆነች ሴት መስቀልን ብቻዋን ነው የምትውለው። ማን ምን ያህል አነጠረ፣ የማን ቅቤ ሸተተ የሚባለው ወሬ ውስጥ የለችበትም። አክስቴ ይህን አፍ አውጥታ አልተናገረችም። እኔ ግን አንገበገበኝ፤ ክፍል አምስት ተሠርቶ እውነተኛው ሌባ ካልተያዘ ስሟ እንደማይነጻ ገባኝ።

ስለዚህ ሚኒባስ ተሳፍሬ በጉብሬ በኩል ወልቂጤ ሄድኩ። የድራማው አዘጋጅ አሁን እዚያ ሰርግ የሚቀርጽበት ስቱዲዮ አለው። ማንነቴን ስነግረው ደስ አለው።

“አሁንም ታስታውሱታላችሁ?” አለኝ እየሳቀ።

እናስታውሳለን ወይ! ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ጨርሰው ብዬ ለመንኩት። ዘመኑ አልፏል አለኝ፤ አሁን ሰው የሚያየው አጭር አጭር ቪዲዮ ነው አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ሊያሳድሰው ፈልጎ እንደነበር ነገረኝ።

“በአክስትሽ ቦታ አንዲት ቆንጆ ልጅ ሊያስገባ ነበር። በጉራጌ አነጋገር ስትቀልድ ሰዉን በሳቅ ትገድላለች አለኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።”

ለዚህስ አመሰገንኩት። ሌላ ሰው አፋችንን አጣሞ ሲስቅብን የከረመው ይበቃናል። ግን እምቢ ካልክ አንተው አትሠራውም ወይ? ካሜራ አለህ፣ መብራት አለህ፣ ተዋናዮቹ በሕይወት አሉ! ይህን ሁሉ ጮኼ ነገርኩት። ካልሆነ ቢያንስ ሌባዋ ማን እንደነበረች ንገረኝ አልኩት።

“አክስትሽ ናታ! አልነገረችሽም?”

ክው አልኩ። ነገሩን አስረዳኝ። ሰብሳቢዋ ማሰሮውን የወሰደችው ልጇ ወልዳ፣ አራሷ የምትቀባው ቅቤ እንኳ ቤቷ ጠፍቶ ነው። በክፍል አምስት ማሰሮውን ሞልታ ትመልሳለች፤ ሴቶቹም ይቅር ይሏታል። ይኼን ያህል ዓመት ሰው መሰረቋን ይዞ ቀረ፤ ለምን እንደሰረቀች የሚናገረው ክፍል ግን ሳይቀረጽ ቀረ።

ቡታጅራ ተመልሼ ለአክስቴ ስነግራት አልደነቃትም።

“አውቃለሁ። ቃሉን ያኔ አጥንቼዋለሁ” አለች። “እና አይሠራውም?”

“አይሠራውም።”

ወደ በርበሬዋ ተመለሰች።

ከመስቀል በፊት የዕቁቡ የመጨረሻ ቅቤ በሚሰበሰብበት ቀን ሁላችንም ሰብሳቢያችን ግቢ ነበርን። አክስቴ ሳትጠራ መጣች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ በኮባ የተሸፈነ ሙሉ ማሰሮ ታቅፋ ነበር። መሃላችን አስቀመጠችውና ቆማ መናገር ጀመረች።

“የወሰድኩት እኔ ነኝ። ልጄ ወልዳ ተኝታ፣ ለጭንቅላቷ የማደርገው አጣሁ። እናንተን መለመን አፈርኩ፤ መስረቅ ግን አላፈርኩም። ይኸው ቅቤያችሁ።”

መጀመሪያ አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመ። አክስቴ እንደ ትወና አልነበረም የምትናገረው። “ተይ፣ ድራማ ነው” ብዬ ልጮህ ነበር፤ እጇን አንስታ ዝም አሰኘችኝ። ሰብሳቢያችን ተነስታ አቀፈቻት። በዕድሜ የገፉት እናት “ይቅር ብለናል፣ እግዜርም ይቅር ይበልሽ” አሉ። ሁሉም እየተነሱ ሳሟት። ማሰሮውን ተቀበሏት፤ ለሚቀጥለውም ዙር አስገቧት።

እኔ ብቻ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ያ አዘጋጅ አንድ ቀን ካሜራውን ይዞ ቢመጣ ኖሮ አክስቴ ያልነካችውን ቅቤ ከኪሷ ከፍላ አትመልስም ነበር። አክስቴ ልጅ ወልዳ አታውቅም። እዚያ ግቢ የነበረችው ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች፤ ሁሉም እያለቀሱ ይቅር አሏት፤ አንዷ እንኳ “የቷ ልጅሽ?” ብላ አልጠየቀቻትም።