አቶ ገላው ወደ ግራ ሲዞሩ

ዘርፈሽ ሸክላ ሠሪ ናት። ከብቸና ወጣ ብሎ፣ ወደ ገበያ ከሚወስደው መንገድ በስተግራ፣ ጎጆ ቀልሳ እንስራና ድስት ትሠራ ነበር። አገሩ በእንስራዋ ውኃ እየጠጣ፣ በድስቷ ወጥ እየሠራ፣ «ዓይኗ ሰው ይበላል» ይላታል። እንዲህ ነው እኛ ዘንድ፤ ዕቃው ይፈለጋል፣ እጁ ይጠላል!

አብልጠው የፈሯት አቶ ገላው ናቸው። ጎጆዋን ገና ስትማግር ደብተራ ዘንድ ሄደው ክታብ አስጻፉ፤ በቆዳ አሰፍተው በጠፍር ከጉሮሯቸው ሥር ጥብቅ አድርገው አሰሩት።

አንድ የገበያ ቀን ሲያልፉ፣ «እንደምን አደሩ?» አለቻቸው። ወደ እሷ ዞር ሲሉ ዓይናቸው ተገለበጠ፤ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ተዘረሩ። ወዲያው ነቁ፤ ደግሞም ከበቅሎ ጋር የሚታገሉ ብርቱ ሰው ናቸው። ሌላ ክታብ ተጨመረ፣ ጠፍሩም ጠበቀ። በሚቀጥለው ገበያ ዞሩ፤ አሁንም ወደቁ።

እሷ ራሷ ተጠራጠረች። «ሳላውቀው እየበላሁ ይሆን?» ብላ፣ መንገደኛ ሲመጣ ጀርባዋን ትሰጥ ጀመር። ሰውን ከገዛ ዓይኑ ያጣላ ሰፈር፣ ጾም አላፈርስም ብሎ ይኮራል!

ጀርባዋን ሰጥታ ሳለችም አቶ ገላው፣ «ታየኝ ይሆን?» ብለው ሰርቀው ዞሩና ወደቁ። ሽማግሌዎቹ፣ «እሳቸው ካልዳኑ ጎጆሽን ነቅለሽ ትወጫለሽ» ብለው ፈረዱባት።

ሚስታቸው እመት ደስታነሽ ሁለት ልብ ናቸው። ባላቸውን ሞጣ ጤና ጣቢያ፣ ከሐረር ተመድቦ ወደመጣው ድሬሰር ወሰዷቸው፤ ዘርፈሽንም አስጎትተው አስከተሏት።

«ይቺ ማን ናት?» አለ ድሬሰሩ ሣህለ ማርያም።

«የበላቻቸው ናት። ትትፋባቸውና ይልቀቃቸው ብለን ነው» አሉ እመት ደስታነሽ።

«እዚህ ክፍል መትፋት ክልክል ነው።» የአቶ ገላውን ደረት አዳመጠ። «ልባቸው ከእኔ ልብ ይሻላል።»

«ባለፈው ጊዜ እንኳ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፤ አላየኋቸውም» አለች ዘርፈሽ።

«ቡዳ በጀርባዋም ታያለች!» አሉ እመት ደስታነሽ።

ድሬሰሩ ግን ቆም ብሎ አቶ ገላውን ጠየቃቸው። «ካላየችዎት፣ እርስዎ ምን ሲያደርጉ ወደቁ?»

«ወደ እሷ ዞሬ።»

«በየት በኩል?»

«በግራ።»

ዘርፈሽን ከበር ውጭ አስወጣና አቶ ገላውን አልጋ ላይ አስቀመጣቸው። የእጃቸውን ትርታ ይዞ፣ «ወደ ግድግዳው፣ ወደ ግራ ይዙሩ» አላቸው። ዞሩ። ትርታው ከጣቱ ሥር ጠፋ፤ ሰውየው አልጋው ላይ ተደፉ። ዘርፈሽ በሩን ገፍታ ስታይ፣ ድሬሰሩ ጣቱን ከጠፍሩ ሥር ማስገባት አቅቶት በመቀስ ይቆርጠው ነበር።

ሲነቁ እንደገና አዞራቸው። ምንም አልሆኑም።

«አንገት ጎን ላይ ልብን ቀስ በል የሚል ሥር አለ» አለ። «ሲዞሩ ጠፍሩ ይጫነዋል፤ ልብም ላፍታ ይቆማል።»

«እንግዲህ ማን በላቸው?» አለች ዘርፈሽ።

እመት ደስታነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ይቅርታማ ማን አስቦት!

በገበያ ቀን ዘርፈሽ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ገላው?»

ወደ ግራ ዞሩ። አልወደቁም። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና እጃቸውን ለሰላምታ ሲያነሱ እጅጌያቸው ተሰበሰበ። ክታቡ ሁሉ ከአንገት ወርዶ፣ ክንዳቸው ላይ በአዲስ ጠፍር ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል።

ጎጆዋ አልተነቀለም። እሷም ጭቃዋን እየረገጠች ጮኸችባቸው፦

«ላላ ያድርጉት! ክንድዎ ቢደነዝዝ ደግሞ እኔው ነኝ የበላሁት!»