ከቀዳዳው የወጣው ድንጋይ

ቅዳሜ ሰኔ 18 ቀን 2008 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ባለቤቴና እኔ ሲግናል አካባቢ ወዳለ አንድ የግራናይት መቁረጫ ቤት ገባን። ቦርሳዋ ውስጥ አምስት ሺህ አምስት መቶ ብር ነበር። በብብቷ ሥር ደግሞ ታጥፎ በፕላስተር የታሰረ የፍሪጅ ካርቶን ይዛለች። እኔ የያዝኩት ማስታወሻ ደብተሬን ነው።

ገንዘቡ የዕቁብ ነው። ሾላ ገበያ የሚሠሩ ሴቶች በሚጥሉት ዕቁብ በዚያ ሳምንት ዕጣው ለእሷ ወጥቶ አሥራ ሁለት ሺህ ብር አገኘች። ስድስት ሺህ አምስት መቶው ለሁለቱ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ምዝገባ ወዲያው ተነሣ። የቀረው የወጥ ቤቱ ድንጋይ ሆነ። ሌላ ገንዘብ አልነበረንም።

አያት ሰፈር ያለውን የኮንዶሚኒየም ቤታችንን ስንረከብ ወጥ ቤቱ ውስጥ የነበረው አንድ ቧንቧና ባዶ ሲሚንቶ ነው። ሦስት ዓመት እንደዚያው ኖርንበት። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ሾላ ባለችው ጠባብ ሱቋ ማሽን ላይ አጎንብሳ ትውልና ቤት ስትገባ ደግሞ ዱካ ላይ ተቀምጣ ወለል ላይ ትከትፋለች። ሁለተኛውን ልጃችንን ከወለደች ወዲህ ወገቧን ያማታል። ሐኪሙ ማጎንበስ ቀንሺ ብሏታል። ማሽኑን መተው አትችልም፤ የኑሯችን ግማሽ ከእሱ ነው የሚመጣው። ልትቀንስ የምትችለው የወጥ ቤቱን ብቻ ነበር።

የእኔ ሥራ ዘገባ ነው። እንደ ልማዴ ሦስት ድንጋይ ቤቶች ዞሬ ዋጋ ጠየቅሁ፣ ጻፍኩ፣ አስተያየሁ። ሁሉም ከስድስት ሺህ በላይ ሆነ።

«የሚቀጥለው ዕቁብ እስኪደርስ እንቆይ» አልኳት።

«ወገቤ ዕቁብ አይጠብቅም» አለችና ከጎረቤት የፍሪጅ ካርቶን ለምና መጣች።

የደንበኛዋ ጨርቅ ውድ ከሆነ መጀመሪያ በወረቀት ቆርጣ በደንበኛዋ ገላ ላይ ሳትለካ መቀስ አታነሳም። ወጥ ቤቱንም እንደዚያ ያዘችው። ካርቶኑን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቆርጣ ብሎኬት ላይ አጋደመችው። አንድ ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ቢላዋ ይዛ እፊቱ እየቆመች ባዶውን መክተፊያ ትከትፍ ነበር። ሰዎች ከፍታውን ዘጠና ሴንቲ ሜትር ያሠራሉ። እሷ አጭር ናት፤ ዘጠናው ትከሻዋን ወደ ላይ ሰቀለው። ብሎኬት ቀነሰች፣ ጣውላ ጨመረች፤ ሰማንያ ሁለት ላይ ሲደርስ ትከሻዋ ወረደ። ልጆቹ «እማዬ አየር እየከተፈች ነው» እያሉ ሳቁባት። እኔም ስቄያለሁ።

የመቁረጫ ቤቱ ባለቤት ጢማቸው ላይ የድንጋይ ብናኝ ያረፈ ሽማግሌ ናቸው። አብረቅራቂውን ጥቁር ድንጋይ በመዳፋቸው እያሹ ሊያሳዩን ሲሉ ባለቤቴ ግራጫውን አመለከተች። በካሬ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ነው አሉ።

«ስንት በስንት ነው ልጄ?»

እኔ ከደብተሬ አነበብኩ። «ሁለት ሜትር ከአርባ ሦስት በስልሳ።»

«አይጻፉት ጋሼ» አለች ባለቤቴ። ካርቶኑን መሬት ላይ ዘረጋችው። ሽማግሌው ሜትራቸውን ጣሉበት፤ ሁለት ሜትር ከአርባ።

«ባልሽና ካርቶንሽ አልተስማሙም!»

«እሱ የለካው ሴራሚኩ ሳይለጠፍ ነው።»

እውነቷን ነው። እኔ የለካሁት ታኅሣሥ ላይ ነበር። ሴራሚኩ የተለጠፈው ለፋሲካ ሲሆን፣ ግድግዳዎቹ በግራም በቀኝም አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ገብተዋል። ድንጋዩ ደግሞ በሁለቱ ግድግዳ መሀል የሚቀመጥ ነው። በእኔ ቁጥር ቢቆረጥ አይገባም። እንደገና ማስከርከም ሌላ ክፍያ አለው፤ እሱ አልነበረንም።

«ሥራው ምንድን ነው?» አሉ ሽማግሌው በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ።

«ጋዜጠኛ ነው።»

«በይ እንግዲያው በካርቶኑ እንቁረጥ።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ ደብተሬ ላይ ያለውን ቁጥር ሰርዤ አስተካከልኩ።

ሒሳቡ ተሠራ። ድንጋዩ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ። የፊት ጠርዙን ማለስለሻ ሦስት መቶ ስልሳ። የሲንኩን ቀዳዳ መቁረጫ አራት መቶ። ማጓጓዣ አራት መቶ፣ መግጠሚያ ሰባት መቶ። የመጨረሻው ዞኮሎው ነው፤ ድንጋዩ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ላይ የሚቆመው ቀጭን ድንጋይ። ያለ እሱ ውኃው በክፍተቱ ገብቶ ታች ወዳለው ጎረቤት ይወርዳል። ስድስት መቶ ብር። ድምሩ ስድስት ሺህ ስልሳ። አምስት መቶ ስልሳ ብር ጎደለን።

ሽማግሌው ሃምሳ ብር ቀነሱ፤ ከዚያ በላይ አልችልም አሉ። እኔ መውጫ በሩን ማየት ጀምሬ ነበር። ባለቤቴ ግን ገና ካርቶኑ ላይ ሲንኩ የሚገባበትን፣ በእስክሪብቶ ያሰመረችውን አራት ማዕዘን እያየች ነው።

«ጋሼ፣ ከዚህ ቀዳዳ የሚወጣው ድንጋይ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። ይጣላል።»

«በካሬ ስከፍል አብሮ ተቆጥሮብኝ የለም እንዴ?»

 ከሠራተኞቹ አንዱ የድንጋይ መቁረጫውን ማሽን አጠፋ።

«ተቆጥሯል» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ የደንበኛዬን ቁርጥራጭ በፌስታል አድርጌ ነው የምመልሰው። አንዲት ጣት የምታህል ብትሆንም።»

እዚህ ላይ ምስክር መሆን እችላለሁ። ሱቋ ግድግዳ ላይ የየደንበኛው ቁርጥራጭ በየፌስታሉ ተንጠልጥሎ አይቻለሁ። ሥራዬ መጠየቅ ነው፤ ሦስቱንም ድንጋይ ቤቶች ስዞር ይህን ጥያቄ አልጠየቅሁም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ተያዙ!» አለ ማሽኑን ያጠፋው ሠራተኛ።

«አንተ ዝም በል፤ ለካው!»

ከቀዳዳው የሚወጣው ቁራጭ ስልሳ አራት በአርባ አራት ሴንቲ ሜትር ነው። ባለቤቴ አጎንብሳ ካርቶኑ ላይ ሦስት መስመር አሰመረች። አሥር ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አራት ቁራጮች ወጡት፤ ጫፍ ለጫፍ ቢገጣጠሙ ከሁለት ሜትር ከሃምሳ ያልፋሉ። ዞኮሎው የሚፈልገው ሁለት ሜትር ከአርባ ነው።

«መጋጠሚያው ይታያል እኮ» አሉ ሽማግሌው።

«ይታይ።»

ድምሩን እንደገና ጻፉ። የዞኮሎውን ስድስት መቶ ሰረዙ፤ የቀነሱትን ሃምሳ ብርም መልሰው አነሱ። «እሱማ ለዞኮሎው ብዬ ነበር» አሉ፤ እሷም አልተከራከረችም። አምስት ሺህ አራት መቶ ስልሳ። ቁራጩን ለመሰንጠቅ ምንም አላስከፈሉንም። ከገንዘባችን የቀረው አርባ ብር ነው፤ በእሱ ተሳፍረን አያት ተመለስን።

ድንጋዩ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ሰኔ 25፣ ከምሳ በኋላ መጣ። ዝናቡ ከእንጦጦ በኩል እየመጣ ስለነበር ገጣሚዎቹ ደረጃውን በሩጫ ነው የወጡት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሁለቱ ግድግዳ መሀል አስገቡት። በሜትር ለካሁ፤ በግራ ሁለት ሚሊ ሜትር፣ በቀኝ ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ነበረው። የድንጋዩ ከፍታ ከወለሉ ሰማንያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ጊዜ ለካሁት። ዞኮሎው ላይ ሦስት መጋጠሚያ ይታያል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ባለቤቴ ሦስት ራስ ሽንኩርት ቆማ ከተፈች።